ቀለሙ ገና ይሸታል

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔና ባለቤቴ ሄርማታ በኩል ትንሽ ሱቅ አለን። አስራ ሁለት ዓመት በኪራይ ኖረን አሁን በእቁብና በባንክ ብድር ቤት ልንገዛ ነው። ቤቱ ኪቶ በኩል ነው። ሦስት መኝታ ያለው ብሎኬት ቤት ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው። ቀለሙ ገና ይሸታል፤ በጣም ያምራል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ‹ሳታስመረምሪ እንዳትገዢ፣ እዚህ ማንም ሰው ቤት ሳያስመረምር አይገዛም› ይለኛል። ደላላው ደግሞ ‹የባንኩ ኢንጂነር አይቶት የለ እንዴ? ምን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል?› ይላል። ባለቤቴ ሻጩ እንዳይቀየሙን ይፈራል፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ፣ ምርመራ የሚባለው ምንድን ነው? ሰውየው መጥቶ ምን ያደርጋል? ‹ግዙ› ወይም ‹አትግዙ› ይለናል? ግራ የገባት፣ ከጅማ።»

እህቴ፣ ቀብድ ሳትሰጪ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጽፍልኝ ከሰጠ በኋላ ነው። ያኔ የምጽፈው ምክር አይባልም፣ ማስተዛዘኛ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። «ቀለሙ ገና ይሸታል» ብለሻል። አንቺ በደስታ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን የራሴ ቤት ትዝ አለኝ።

እዚሁ ጅማ ቤት የገዛሁት በጥር ነበር። ፀሐዩ ደማቅ፣ ኮርኒሱ ወተት የመሰለ። ከባለቤቴ ጋር ቤቱን ዞረን ያየነው በሃያ ደቂቃ ነው፤ አስሩ ደቂቃ ቡና ስንጠጣ አለፈ። ግንቦት ላይ ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ክብ ወጣ። ሰኔ ላይ ሦስት ሆኑ። ሐምሌ ላይ ባልዲ መደርደር ጀመርን፤ ልጆቹ ጠብታ እየቆጠሩ ይተኙ ነበር። በኋላ ቤቱን የቀባውን ልጅ አንድ ሰርግ ላይ አገኘሁትና ነገሩን አነሳሁበት። «ጋሼ፣ ያቺን ቦታ እኮ ሦስት እጅ ነው የደረብኩላት» አለኝ። በኩራት!

ቀለም ሁሉ ውሸት ነው አልልሽም። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲል ማሳመሩ ያለ ነው፤ ሙሽራም ሳትኳል አትወጣም። ግን አዲስ ቀለም ባየሽ ቁጥር ከስሩ ምን እንዳለ ጠይቂ። ቤቱ በሙሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ ደግሞ እዚያ ጥግ ጋ ረዘም አድርገሽ ቁሚ።

በመጀመሪያ የደላላውን ነገር እንጨርስ። የባንኩ ኢንጂነር የመጣው ለባንኩ ነው። ባንኩ ማወቅ የሚፈልገው «ብድሩ ባይመለስ ይህን ቤት ስንት ልሸጠው እችላለሁ?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ሰውየው ስፋቱን ይለካል፣ የተሠራበትን ዕቃ ያያል፣ ቦታውን ያያል፣ ዋጋ ይገምታል። ኮርኒስ ውስጥ ጭንቅላቱን አያስገባም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን አያነሳም። ጥፋቱ አይደለም፣ ሥራው ስላልሆነ ነው። ደላላውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሱ የሚበላው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ ስትጠራጠሪ አይበላም።

ወንድምሽ ያለው አገር ምርመራው ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በብዙ ግዛቶች ፈቃድ ይጠየቅበታል። መርማሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ሪፖርት ይጽፋል። (እዚያም ቢሆን ገበያው ሲሟሟቅ ምርመራውን ዘለው የሚገዙ ሞልተዋል፤ ወንድምሽ ትንሽ አጋኗል።) እኛ ዘንድ «የቤት መርማሪ» የሚል ታፔላ ፈልገሽ አትድከሚ። የምትፈልጊው ሲቪል መሐንዲስ ነው። ካልሆነ ብዙ ቤት ያቆመ፣ ብዙ ቤት ሲሰነጠቅም ያየ ፎርማን። ለመብራቱ ደግሞ ኤሌክትሪሻን ለግማሽ ቀን። ክፍያውን ቀድመሽ ተስማሚ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ደላላው «እኔ አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ» ካለሽ አመስግነሽ እለፊው። የሻጩ ዘመድም አይሁን። ብልሽት ካገኘ እኔው ልጠግነው የሚል ግንበኛም አይሁን፤ እንዲህ ያለው ሰው ጉድለት ፍለጋ ላይ ከመጠን በላይ ጎበዝ ይሆናል።

ይህ ሰው «ግዙ» አይልሽም፣ «አትግዙ»ም አይልሽም። ቤት ፈተና የሚያልፍና የሚወድቅ ተማሪ አይደለም። ያየውን ይነግርሻል፦ ይህ አሁን መጠገን አለበት፣ ይህ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ይህን እኔም አላወቅኩትም። ግድግዳ አይበሳም፣ ወለል አይቆፍርም፤ ቤቱ ገና የሰው ቤት ነው። በዓይኑ፣ በእጁና በጆሮው ነው የሚሠራው። ስለዚህ የማያየው ነገር አለ። ኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ እንደገባ በዓይን አይታወቅም። መሠረቱ ምን ያህል እንደወረደም አይታወቅም። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ፤ ብዙ ሰው ቤት ሲሠራ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። «አባባ፣ መሠረቱ ሲወጣ ያነሱት ፎቶ ይኖር ይሆን?» ብለሽ ሻጩን ጠይቂ። ካለ ለመሐንዲሱ ወርቅ ነው። ሰውየውም ደስ ብሎት ያሳይሻል፤ ቤት የሠራ ሰው ስለ መሠረቱ ማውራት አይሰለቸውም።

አብረሽው ዙሪ። ሪፖርቱን ብቻ እጠብቃለሁ አትበይ። ወረቀት ላይ «እርጥበት አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቦ መሄድና እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቅዝቃዜውን መስማት ለየቅል ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጅማ ውስጥ ቤት ሲመረመር የሚፈለገው ውሃ ነው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ ጥቅምት ድረስ አይለቀንም። ስለዚህ መሐንዲሱን ከጣሪያው አስጀምሪውና ጠብታውን ተከትላችሁ ውረዱ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ብዙ ገዢ ይህን ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ዝገቱን፣ የሚስማሩን ቀዳዳ፣ የተደራረበበትን ቦታ ይየው። ከዚያ ኮርኒሱ ውስጥ ይግባ፤ መግቢያ ከሌለው ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንዱን ሰሌዳ አንሱ። በቀን ብርሃን ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ ብርሃን በቀዳዳ በቀዳዳ ከታየ የሚያፈሰውን ቦታ አገኛችሁት ማለት ነው። ወራጅና ማገሩ ባህር ዛፍ ከሆነ ምስጥ ይፈልግ። ምስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ጭቃ ቧንቧ የመሰለ ቀጭን መንገድ ሠርቶ ነው የሚወጣው። እንጨቱን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ያድርገው። ጠንካራ እንጨት እምቢ ይላል፤ የተበላው እንደ ድፎ ዳቦ ይቀበላል። በተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨት ካያችሁ ባለቤቱ ያሰበበት ሰው ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እንጨት ነው ብለሽ ብቻ ግን አትደንግጪ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል።

አሸንዳው ውሃውን የት ይጥለዋል? ይህን ጥያቄ አትርሺው። ግድግዳው ሥር የሚጥለው ከሆነ ያ ውሃ ለዓመታት መሠረቱን ሲያጠጣ ኖሯል። ከውጭ ዙሪያውን ስትዞሩ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነብል እንደሆነ እዩ። ከውስጥ ደግሞ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል፣ ከወለል እስከ ጉልበት ያለውን፣ በደንብ እዩት። ቀለሙ ተነፍቶ ከተላጠ፣ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካወጣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። ቁምሳጥንና ሶፋ ተጠግቶ የቆመበትን ግድግዳ «ይቅርታ ትንሽ ብናንቀሳቅሰው?» በሉ። ሻጋታ መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው።

ከዚያ አፈሩ። ጅማ ውስጥ ብዙ ሰፈር ከሥሩ ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየዓመቱ ቤቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቤቱ ደግሞ እኩል አይነሳም። አንዱ ጥግ ይቀራል። ስንጥቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠንቃቃ ሰው ዋልካውን አስቆፍሮ ያስወጣና በገረጋንቲ ይሞላዋል፤ መሠረቱንም ወደ ታች ያወርዳል። የቸኮለ ሰው ዋልካው ላይ ይገነባል። ሁለቱ ቤቶች በመጀመሪያው ዓመት አይለያዩም።

ስንጥቅ ስታዪ ግን ሁሉንም አትፍሪ። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ቀጭን መስመር ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ የመልክ ጉዳይ ነው። የሚያሳስበው ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄደው ነው። የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ ከገባበት፣ ወይም ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ ከታየ መሐንዲሱ እዚያ ጋ ጊዜ ይውሰድ። ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚንቀሳቀስ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ስስ ወረቀት በሁለቱ ጫፍ ተወጥሮ ስንጥቁ ላይ ይለጠፍና ቀን ይጻፍበታል። ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱ ከተቀደደ ቤቱ ገና እየተራመደ ነው። ሻጩ ይህን ያህል ጊዜ ከሰጣችሁ ማለት ነው። በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቺ፣ ዝጊ። ከላይ በኩል ተፍቆ የተስተካከለ የእንጨት በር ካየሽ ፍሬሙ ተጣሟል ማለት ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ ብይ አኑሪ። አዎ፣ የልጆች ብይ። በየክፍሉ መሃል አስቀምጪውና ልቀቂው። ሁሌ ወደ አንድ ጥግ የሚሮጥ ከሆነ ያ ጥግ ሰምጧል ወይም ወለሉ ሲሠራ ነው የተበላሸው፤ የትኛው እንደሆነ መሐንዲሱ ይነግርሻል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴራሚኩን በቁልፍ ቆርቆር አድርጊው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሲሚንቶ አልያዘውም። ቧንቧዎቹን በሙሉ አንድ ላይ ክፈቱና ውሃው ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ እዩ። ከዚያ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ። ክዳኑ ይነሳ! ሰው እዚህ ጋ ነው ይሉኝታ የሚይዘው፤ «የሰው ሽንት ቤት ምን ብዬ አስከፍታለሁ» ይላል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ በግቢው የሚፈስበት ቤት እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ሁለት አይደለም፤ ምክንያቱም መሬቱ ራሱ በውሃ ስለሚጠግብ የሚመጠው የለም። መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ካለ ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ደግሞም ከሽንት ቤቱ በላይ በኩል ይሁን። የጎረቤት ሽንት ቤትም ይቆጠራል። አጥሩን ውሃው አያውቀውም።

ስለ መብራት ረጅም አላወራም፣ አንድ ፈተና ብቻ። ምጣድ ሰኩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። መብራቱ ከደበዘዘ፣ ሶኬቱ ከሞቀ፣ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ሽቦው ቀጭን ነው። ለምጣድ የተለየ ወፍራም መስመር ሊኖረው ይገባል። የኤርዝ መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው) መኖሩን ኤሌክትሪሻኑ ይለካ፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት መኖሩ ብቻ አይበቃም። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ውዝፍ እንዳለበትም ጠይቁ።

«ብሎኬት» ብለሻል። ግድግዳውን በጡጫ መታ መታ አድርጊና ድምፁን ስሚ፤ የመስኮቱን ጠርዝ ውፍረትም እዪ። የፊት ለፊቱ ብሎኬት ሆኖ የጓሮ ክፍሎቹ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ጭቃ ቤት ነውር የለውም፤ ጣሪያውና እግሩ ከተጠበቀ ልጅ ያሳድጋል፣ ልጅ ይድራል። ነውሩ በብሎኬት ዋጋ መግዛቱ ነው።

ከመሐንዲሱ ሌላ አንድ መርማሪ አለሽ፤ እሷ ደግሞ ገንዘብ አትጠይቅም። ጎረቤቷ ናት። ኪቶም ሆነ ወደ ቦዬ ያለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ወይም የአዌቱ ወንዝ ዳር፣ ዝናብ ሲጠነክር ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ የሚያውቀው እዚያ የኖረ ሰው ነው። ደላላው በሌለበት፣ ብቻሽን ሂጂ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዘሽ ግቢ፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይመጣል። «ክረምት ላይ እንዴት ነው ሰፈሩ?» ማለት ብቻ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ሳትጠይቂ ትሰሚያለሽ። ከተቻለ ደግሞ ቤቱን ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ የተሻለ ደግሞ እየዘነበ እያለ፣ ተመልሰሽ እዪው።

የባለቤትሽ ስጋት ይገባኛል። ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «ቤትዎን ላስመርምር» ማለት ሰውየውን ሌባ የማለት ያህል ይከብዳል። እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ ዕድሜ ልካችንን የለፋንበት ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ላይ የባንክ ዕዳ አለብን። አንድ የሙያ ሰው አብሮን ቢያይልን ቅር አይበልዎት።» ቅን ሰው እሺ ይላል። እንዲያውም «ያቺ የጓዳው ጥግ ትንሽ ታስቸግራለች» ብሎ ቀድሞ የሚነግርሽ አይጠፋም። ሁሉን ክፍል አሳይቶ አንዱን «ቁልፉ ጠፍቷል» ካለ ግን ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ ቀብድ የለም።

ቀብድን ካነሳን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። «ሌላ ካልተስማማችሁ» የምትለዋ ላይ ነው ጥቅማችሁ ያለው። የሚሻለው ምርመራው አልቆ ቀብድ መስጠት ነው። ሻጩ አልጠብቅም ካሉ ትንሽ ቀብድ ስጡና ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፦ መሐንዲስ ከባድ ጉድለት ካገኘ ቀብዱ ይመለሳል፤ ምርመራው እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠናቀቃል። ውሉ ውስጥ «ገዢ ቤቱን ባለበት ሁኔታ አይቶና ወዶ ገዝቷል» የምትል ሐረግ ካየሽ ሳይብራራልሽ አትፈርሚ፤ ኋላ ፍርድ ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ የምትነበብልሽ እሷ ናት። ካርታው፣ ዕዳና እገዳው፣ የግንባታ ፈቃዱ የመሐንዲሱ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሂዱ፣ የሕግ ሰው ያዙ።

ሪፖርቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሁለት ገጽም ይሁን፣ ፎቶ ይኑረው። በቃል የተነገረ ነገር ለሻጩ ሲደርስ ይቀልላል። ዝርዝሩ ረጅም ሆኖ ስታዪው እንዳትደነግጪ። የላላ ማጠፊያና የተሰነጠቀ መስታወትም ይጻፋሉ፤ በእነሱ ዋጋ አትከራከሪ፣ ያስንቃል። ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ ጉድጓዱ፣ የመብራት መስመሩ፤ እነዚህ አራቱ ላይ የተጻፈውን ለይተሽ «ይህን ለማስጠገን ስንት ይፈጃል?» ብለሽ መሐንዲሱን ገምት በዪው። ከዚያ ወይ ሻጩ ያስጠግኑ፣ ወይ ከዋጋው ይቀንሱ። እኔ ብሆን ቅናሹን ነው የምመርጠው። ሊሸጥ የተቃረበ ቤት ጥገና ምን እንደሚመስል የቀለም ቀቢውን ነገር ነግሬሻለሁ።

መሠረቱ እየሰመጠ ከሆነ ወይም ውሃው በየክረምቱ ቤት የሚገባ ከሆነ ግን ቅናሽም ቢሉሽ እኔ አልገዛም። ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ሽቦ ይቀየራል፤ ሰፈሩን ግን ከፍ ማድረግ አትችዪም።

ብዩን ከልጅሽ ስትበደሪ ሁለት ውሰጂ። አንዱ ቁምሳጥን ሥር መግባቱ አይቀርም።